ቡና ሲፈላ ስልኩ የት ይቀመጥ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና ይፈላል። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ አንዳንዴም ጎረቤት እንሰበሰባለን። አቦሉ ሳይቀዳ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ስልክ እንነካካለን፤ እኔም ጭምር። ስልክ ያነሳ ሃምሳ ብር ይክፈል ብለን ደነገግን፤ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ሥራ ቦታም አንድ ገጽ ሪፖርት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ሳይጠራ የጠራ እየመሰለኝ ከኪሴ አወጣዋለሁ። እንዳላጠፋው ደግሞ ወንድሜ ዱባይ ነው፣ አባቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ የልብ ሕመም አለበት። ዘመናዊውን ትቼ ባለ በተን ስልክ ልግዛ ይሆን?»

እህታችን፣ ባለ በተኑን ለጊዜው አይግዙ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። በቤትዎ ያለው ነገር የሥነ ሥርዓት ጉድለት አይደለም፤ እናትዎንም ልጆችዎንም አይውቀሱ። ሰው ስልኩን የሚያነሳው እጁ ሥራ ሲፈታ፣ ስልኩ ክንዱ በሚደርስበት ቦታ ሲሆንና «አንድ ነገር አምልጦኝ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ራስን በመግታት ብቻ ይህን ማሸነፍ አድካሚ ነው። እጁን፣ ርቀቱንና ጥርጣሬውን ብታስተካክሉ ግን ራስን የመግታቱ ድካም በአብዛኛው ይቀራል።

መጀመሪያ ቅጣቱን ያንሱት። ሃምሳ ብሩ ነገሩን ያባሰው በአጋጣሚ አይደለም። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች የተደረገና በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የታተመ ታዋቂ ጥናት አለ። ልጃቸውን ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች እንዲቀንሱ በ6ቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ሰው የ10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። ዘግይተው የሚመጡት ወላጆች ግን ወደ እጥፍ ገደማ ጨመሩ። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ወደ ድሮው አልተመለሱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት ወላጁን የሚያስፈጥነው ከሥራ ሰዓቷ በላይ የምትጠብቀውን ሞግዚት ማሰቡ ነበር። ገንዘብ ሲተመን ግን ይሉኝታው ወደ ዋጋ ተለወጠ፤ የከፈለ ሰው መብቱን የገዛ ያህል ተሰማው። በእናንተም ቤት እንዲሁ ነው። ሃምሳ ብሩን ያስቀመጠ ልጅ የአያቱን ዐይን ሳያፍር ስልኩን ይከፍታል። ከይሉኝታ የበረታ መቆጣጠሪያ በቤት ውስጥ ስለሌለ በብር አይለውጡት። ጥናቱ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ ቅጣቱን ስላነሳችሁ ብቻ ይሉኝታው ወዲያው አይመለስም። ስለዚህ ማንሳት ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገር መተካት ያስፈልጋል።

ምን እንደሚተካ ለማወቅ ስልኮቹ በየትኛው ሰዓት ብቅ እንደሚሉ በዚህ ሳምንት ልብ ብለው ይዩ። ቡና በሚቀዳበትና በሚጠጣበት ጊዜ ሳይሆን በመሃል ባሉት የጥበቃ ጊዜያት ሆኖ ያገኙታል። ቡናው ታጥቦ ብረት ምጣዱ እስኪግል፣ ተወቅጦ ጀበናው እስኪፈላ፣ ከወረደም በኋላ አንቡላው እስኪዘቅጥ፣ ከአቦል ወደ ቶና ውሃ ተጨምሮ ድጋሚ እስኪንተከተክ፤ በእያንዳንዱ ክፍተት አንድ ሰው ይሠራል፣ አምስት ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ድሮም ይህ ክፍተት ነበረ፤ የሚሞላው ግን በወሬ፣ በቆሎ በመቆርጠም ወይም ጥጥ በመፍተል ነበር። አሁን ክፍተቱን ስልኩ ቀድሞ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሥራውን ይበትኑት። ቡና አፍይዋ ሁሉን ለብቻዋ ከያዘች የተቀሩት ተመልካች ይሆናሉ፣ ተመልካች ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ለአንዱ ልጅ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ይስጡት። የስድስት ሰው ቡና ደቃቅ እስኪሆን መውቀጥ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሌላው ስኒዎቹን አጥቦ፣ አድርቆ ረከቦቱ ላይ ይደርድር። ባለቤትዎ ቆሎውን ወይም ፈንዲሻውን ያዙሩ። ቆሎ እዚህ ላይ ከፈንዲሻ ይሻላል፤ እየመረጡ፣ እያሹ ስለሚበላ እጅን ያቆያል። የሚያጨስ ብረት ምጣዱን ይዞ በየሰዉ ፊት የሚያዞረውም በየሳምንቱ ይቀያየር። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ጀበና ማውረድ ቢለምድ ክብር ነው፤ ታናሹ ግን ከፍሙ ራቅ ባለ ሥራ ይቆይ።

ለምን አንድ ሰው ብቻ ስልክ ሲያነሳ ሁሉም እንደሚከተለው ደግሞ ማወቅ ይጠቅማል። የጣሊያኑ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲመለከት አጠገቡ ካሉት ግማሽ ያህሉ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሳያውቁት የራሳቸውን አወጡ። ሰውዬው ስልኩን በእጁ እየነካካ ዐይኑን ሌላ ቦታ ሲያደርግ ግን የሚከተለው የለም ማለት ይቻላል። የሚጋባው እንግዲህ የዐይን ነገር ነው፤ ልክ እንደ ማዛጋት። ለእናንተ ቤት ትርጉሙ ይህ ነው፦ ዋናው ሥራ ከመጀመሪያዋ አንሺ ላይ ነው። ስልክ ማየት የግድ የሆነበት ሰው ምክንያቱን ጮክ ብሎ ይናገር። «የቤት ኪራዩን በቴሌብር ልላክ» ካለ በኋላ ልኮ መመለስ ይቀለዋል። ሳይናገር ከከፈተው ግን ከኪራዩ ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ ይሻገራል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ይህቺ ትንሽ ልማድ ከብዙ ክልከላ ትበልጣለች፤ ትልቅም ትንሽም የሚገዛበት ደንብ ስለሆነ ልጆችም አይከፋቸውም።

መጀመሪያ ሦስቱንም ዙር ከስልክ ነጻ ለማድረግ አይሞክሩ። ብረት ምጣዱ ተዞሮ ጭሱ ከተሸተተበት ጊዜ አንሥቶ አቦል ተጠጥቶ ስኒ እስኪመለስ ብቻ ይስማሙ። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በቶና ጊዜ የፈለገ ያንሳ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ከሄደ በኋላ ወሬው ራሱ ወደ ቶና ይገፋል። በረካን ግን ለልጆቹ ይተዉላቸው፤ እስከ መጨረሻው ስኒ የተዘረጋ ክልከላ ልጅን ከቡናው ጭምር ያሸሻል።

አሁን ወደ ስልኩ ቦታ እንምጣ። በጠረጴዛው ላይ የተደፋ ስልክ «ተቀምጧል» አይባልም። ክንድ እስከደረሰበት ድረስ እጅ ሳይታዘዝ ይሄዳል። ከተቀመጣችሁበት ተነሥቶ ሦስት አራት እርምጃ መሄድ የሚጠይቅ ቦታ ይምረጡ፤ ቡፌው ላይ ያለ ክዳን ያለው ሞሰብ ወይም ቅርጫት ይበቃል። ክዳኑ ጥቅም አለው፤ የስክሪኑ ብርሃን ብልጭ ሲል የሚያይ ዐይን አይኖርም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከቻርጅ ጋር የተሰካ ስልክ በክዳንና በጨርቅ አይሸፈን፤ ይግላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስልኩን ሳይለንት ወይም ቫይብሬሽን ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጨዋነት ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ድምፅ የማያሰማ ስልክ ያለው ሰው ሰው ደውሎለት እንደሆነ የሚያውቅበት አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ እያወጣ ማየት። የእርስዎ አባት የልብ ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ ይህ ጥርጣሬ ልክ ነው፤ «አትጨነቂ» በሚል ቃል አይጠፋም። መፍትሔው ድምፁን እስከ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ማን እንደሚጮህበት መምረጥ ነው። የሚፈልጉት ጥሪ በእርግጥ እንደሚሰማ ካወቁ ማየት አያስፈልግዎትም።

ይህን የሚሠራው «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባለው ክፍል ነው። ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ስለሚለያይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ከላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ይጻፉ። በአንድሮይድ መጀመሪያ ኮንታክት ውስጥ የአባትዎን፣ የአባትዎን ጎረቤት፣ የባለቤትዎንና የወንድምዎን ስም ከፍተው ኮከቧን ይንኩ። ከዚያ ዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ ጥሪ ከሚለው ስር ኮከብ ያላቸው ብቻ እንዲያልፉ ያድርጉ። እዚያው «ሪፒት ኮለርስ» የሚል አለ፤ ይክፈቱት። ያልመዘገቡት ቁጥር እንኳ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ይጠራል። በአይፎን ያው ነገር ፎከስ በሚባለው ውስጥ ይገኛል፤ ሁለተኛው ጥሪ የሚያልፈው ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ነው። ለቤተሰቡ የምትነግሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የሚያስቸኩል ነገር ካለ በመደበኛው ስልክ ደውሉ፤ ካልተነሣ ወዲያው ድገሙ።»

የዱባዩ ወንድምዎ ነገር ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ስለማይሠራ እዚያ ያሉ ወገኖች ብዙውን ጊዜ በቦቲም ይደውላሉ። ለስልክዎ ቦቲም እንደ ማንኛውም አፕ ስለሆነ ስሙ ላይ ኮከብ ማድረግ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ «አፕስ» የሚለውን ከፍተው ቦቲምን ከተፈቀደላቸው ጋር ይጨምሩ። ሲጨርሱ ዱ ኖት ዲስተርቡን አብርተው ወንድምዎ እንዲደውል ያድርጉ፣ ድምፁን በጆሮዎ ይስሙ። ያልተሞከረ ቅንብር አያሳምንም፤ ካላሳመነ ደግሞ እጅዎ ወደ ቅርጫቱ መሄዱን አይተውም።

በየሳምንቱ ራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ «ስኬጁል» በሚለው ቅዳሜና እሑድን መርጠው ሰዓቱን ያስገቡ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሆነ ቡናችሁ፣ ስልኩ ላይ የሚጻፈው ከ15፡00 እስከ 17፡00 ነው። በእኛ አቆጣጠር 9፡00 ብሎ ያስገባ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጸጥ ይልበትና ሰው ሁሉ «ለምን አታነሺም?» ይለዋል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ስኬጁል የሌለው ሰው ደግሞ ማጥፋቱን ይረሳና ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሥራ ጥሪ ሲያመልጠው ይነቃል፤ ከዚያ በኋላም ዳግመኛ አይነካውም።

ኖቲፊኬሽን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው የማይታይ ድካም እዚያ ነው ያለው። ስልክዎ በቀን ከሚያሰማቸው ድምፆች ውስጥ አብዛኞቹ ከሰው የመጡ አይደሉም። ቻናል፣ ጨዋታ፣ ማስታወቂያ፣ «እገሌ ቴሌግራም ጀመረ» የሚል ወሬ ናቸው። የኋለኛውን ማጥፋት እንደሚቻል ብዙዎች አያውቁም። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ» ሲገቡ የግል መልእክት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ተቀምጠዋል። የግሉን ይተዉት፤ ግሩፕና ቻናልን ያጥፉ። ወደ ታች ሲወርዱ «ኮንታክት ጆይንድ ቴሌግራም» የሚለውን ያጥፉ። በአንድሮይድ እዚያው ገጽ ላይ «ባጅ ካውንተር» የሚል ክፍል አለ፤ «ኢንክሉድ ሚውትድ ቻትስ» የሚለውን ካልዘጉት ድምፁ የጠፋው ግሩፕ ሁሉ በአፑ ምልክት ላይ ቁጥር ሆኖ ይከመራል። ጆሮን አሳርፎ ዐይንን መጎተት ማለት ነው። ግሩፕ ሚውት ሆኖም ሰው ስምዎን ጠቅሶ ወይም ለእርስዎ መልሶ ከጻፈ ድምፁ ይመጣል፤ ስለዚህ የእድር ወይም የወላጆች ግሩፕ ሚውት ማድረግ ከሰው መነጠል አይደለም።

በዋትስአፕ ግሩፑን ለ8 ሰዓት፣ ለ1 ሳምንት ወይም ለሁልጊዜ ሚውት ማድረግ ይቻላል። «ለሁልጊዜ» የሚለውን ይምረጡ፣ ሌሎቹ ተረስተው ይመለሳሉ። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አሜሪካ ያለ ዘመድ ካለ ይህ ግድ ነው። ዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ነው፤ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት እንለያያለን። ላኪውም ሊረዳ ይችላል፤ ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቀስት ተጭኖ ሲቆዩ «ሴንድ ዊዝአውት ሳውንድ» የሚል ይመጣል። መልእክቱ ይደርሳል፣ የተኛ ሰው ግን አይነቃም።

የሌሎቹን አፖች ድምፅ በአንድ ቀን ለማጥፋት መቀመጥ አሰልቺ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በሦስተኛው አፕ ላይ ይተወዋል። ከዚያ ይልቅ ኖቲፊኬሽኑ በመጣ ጊዜ ብቻ ይሥሩት። በአንድሮይድ ኖቲፊኬሽኑን ተጭነው ይቆዩ፣ በአይፎን ወደ ግራ ይጎትቱት፣ እዚያው ዝም ማሰኛና ማጥፊያ ይመጣል። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ይህን የላከው መልሴን የሚጠብቅ ሰው ነው?» ካልሆነ ያጥፉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስልክዎ ሌላ ስልክ ይሆናል። የባንክና የቴሌብር መልእክት ግን አይንኩ። ከሰው ባይመጣም ገንዘብዎ ሲወጣ ወዲያው ማወቅ አለብዎት፤ እሱን ያጠፋ ሰው ማጭበርበርን ዘግይቶ ነው የሚያገኘው።

ሳይጠራ የጠራ መምሰሉ አያስፈራዎ። በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት 290 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 89 በመቶው ይህ ስሜት እንደሚያጋጥማቸው ተናግረዋል፤ በአማካይ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ። አእምሮ አንድ ምልክት እንዳያመልጠው ሲጠብቅ የልብስ መታከክን ወይም የጡንቻን ትንሽ መርገብገብ እንደ ስልክ ይተረጉመዋል፤ አልቅሶ እንደሆነ ብላ ሕፃኗን ደጋግማ የምታዳምጥ እናት የምትሠራው ሥራ ነው። በሽታ አይደለም። ስልኩን ከኪስ ወደ ቦርሳ ያዛውሩ፣ ቫይብሬሽኑን ፈጽመው ያጥፉ፣ በድምፅ ብቻ ይኑሩ። ሰውነት በዚያ ቦታ ምልክት መጠበቁን ሲተው ስሜቱም እየሳሳ ይሄዳል።

ደግሞም ሰዓት ይስቀሉ። ቀላል ይመስላል፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሰዓት ለማየት ስልክ የከፈተ ሰው ሦስት መልእክት አንብቦ፣ አንድ ቪዲዮ አይቶ፣ ስልኩን ሲያስቀምጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። ሳሎን ውስጥ የግድግዳ ሰዓት፣ በእጅዎ የእጅ ሰዓት፣ አልጋዎ አጠገብ ደግሞ ትንሽ የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ይኑር። ሦስተኛው ዋነኛው ነው፤ ስልክ አልጋ አጠገብ የሚያድረው በአብዛኛው «አላርሜ ነው» እየተባለ ስለሆነ። ስልኩ 15፡20 ሲል ስድስት ቀንሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ የሚሉት እናትም በግድግዳው ሰዓት ይገላገላሉ።

አሁን ስለ ሥራዎ። የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ሳይቀይሩ በአማካይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክታለች። በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ልኬት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ከእነዚህ መቋረጦች ውስጥም ሰው ራሱን የሚያቋርጥባቸው ከውጭ ከሚመጡት ጋር ይቀራረባሉ። ስልኩን ዝም ማሰኘት ግማሹን ብቻ የሚፈታው ለዚህ ነው። ሶፊ ለሮይ የተባለች ሌላ ተመራማሪ በ2009 እንዳሳየችው፣ ሰው ያልጨረሰውን ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር ከፊል ሐሳቡ ከቀድሞው ሥራ ጋር ይቀራል። ሪፖርቱን እየጻፉ መልእክት ሲያዩ፣ መልእክቱን ዘግተውም መልሱን በልብዎ እያዘጋጁ ነው የሚጽፉት።

ስለዚህ ስልኩ በመሳቢያ ውስጥ ይግባ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ቴሌግራምም ይዝጉ። ብዙዎች ስልካቸውን ቆልፈው ያው መልእክት በኮምፒውተሩ ጥግ ብቅ ሲል ይደናገራሉ። አጠገብዎ አንድ ወረቀት ያስቀምጡ። «ለእገሊት ልደውል»፣ «የሽንኩርት ዋጋ ልጠይቅ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ይጻፉትና ወደ ሪፖርቱ ይመለሱ፤ የተጻፈ ነገር አእምሮን ደጋግሞ አይጎትትም። በ20 ደቂቃ ይጀምሩ፣ ሲቀልዎ ወደ 40 ያሳድጉት። አለቃ ጠርቶዎት መነሣት ግድ ከሆነ፣ ከመነሣትዎ በፊት ቀጥሎ ምን እንደሚሠሩ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ «የሰኔን ወጪ ከሠንጠረዡ አስገባለሁ፣ ከዚያ ማጠቃለያ።» ያቺው ለሮይ ከባልደረባዋ ጋር በኋላ ባደረገችው ጥናት ይህን ያደረጉ ሰዎች ሐሳባቸው ወደ ኋላ ሳይጎተት አዲሱን ሥራ እንደሠሩ ታይቷል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም። ሪፖርቱን ግማሽ ቀን ያደረሰው በአብዛኛው ተመልሶ መጥቶ «የት ነበርኩ?» ማለቱ ነው።

ለምን ቪዲዮና ፌስቡክ ከሌላው ይልቅ እንደሚይዙ በአጭሩ ልንገርዎ፤ ራስዎን መውቀስ ስለሚቀንስ። ስኪነር የተባለው የሥነ ባሕርይ ሊቅ ከፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተመው ሥራ፣ ምግብ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ የማታውቅ እርግብ ምንቃሯን ሳታሳርፍ መጫኛውን እንደምትመታ አሳይቷል። በተወሰነ ልክ የሚመጣላት ግን ካገኘች በኋላ ታርፋለች። ገጽን ወደ ታች ስቦ የማደሱ ዘዴ በ2009 በአንድ የትዊተር አፕ ተጀመረ፤ ስበው ሲለቁት አዲስ ነገር ይኑር አይኑር አያውቁም። ማለቂያ የሌለው ገጽ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የመጣ ነው። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ ይኸኛው ስለሌለው የማቆሙ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ በአንባቢው ላይ ወደቀ። መድኃኒቱም ከዚያው ይወጣል፦ ማቆሚያውን ከውጭ ያምጡ። አፑን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው በስም ተፈልጎ ብቻ እንዲከፈት ያድርጉ፣ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላም ከአካውንቱ ይውጡ። የይለፍ ቃል መጻፍ የሚፈጀው ጊዜ እጅ የጀመረውን ልብ እንዲይዘው ይበቃል። በስልኩ ውስጥ ያለው የሰዓት ገደብ ግን ብቻውን አይሠራም። በአንድ ንክኪ ስለሚታለፍ በሁለተኛው ቀን ማለፉ ራሱ ልማድ ይሆናል። ገደቡን የምር ከፈለጉ መክፈቻ ቁጥሩን ባለቤትዎ ይያዙ፤ እርስዎም የእሳቸውን ይያዙ።

ለውጡን ለመለካት ሰዓት ሳይሆን የመክፈት ብዛት ይዩ። በአንድሮይድ «ዲጂታል ዌልቢኢንግ» ውስጥ አንሎክ የሚለው ቁጥር፣ በአይፎን «ስክሪን ታይም» ውስጥ ፒክአፕስ የሚለው ነው። አንድ ፊልም ያየ ሰው ሁለት ሰዓት ይመዘገብበታል፤ ቤተሰቡን ያልረበሸ ሊሆን ይችላል። ሰማንያ ጊዜ ለሃያ ሃያ ሰከንድ የከፈተ ሰው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ወሬውን ግን ሰማንያ ጊዜ አቋርጧል። ምንም ሳይቀይሩ አንድ ሳምንት ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ይጀምሩ።

ጊዜውም ይረዝማል፤ ቀድመው ይወቁት። በለንደን በ96 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አዲስ ልማድ ሳይታሰብበት የሚሠራ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ፣ መካከለኛው 66 እንደሆነ ገምቷል። አንድ ቀን መሳት ልማዱን እንዳላፈረሰውም ታይቷል። በእናንተ ቤት ቡናው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ወራት ይጠብቁ። እንግዳ በመጣበት ወይም ኳስ ባለበት እሑድ ደንቡ ቢላላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥሉ፤ ስብሰባ አይጥሩበት። አንድ አደጋ ብቻ ይጠብቁ፦ ስልኩ ሲርቅ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ሪሞቱም ቅርጫት ውስጥ ይግባ።

ወደ ባለ በተኑ ስልክ ልመለስ። ዛሬ ቢገዙት ቦቲምም ቴሌግራምም አይኖረውምና ወንድምዎን ለማግኘት ዘመናዊውን ይይዛሉ፤ ኪስዎ ውስጥ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ከላይ ያለውን ሁለት ሦስት ወር ሞክረው አሁንም ካልቀለልዎት ግን እንደ ሁለተኛ ስልክ ይጠቅማል፤ ለቡናው ሰዓትና ለሌሊት። አባትዎና ጎረቤታቸው የሚደውሉበትን ሲም እዚያ ያስገቡት፣ ዘመናዊውን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሂሳብዎ ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ገንዘብ መላክ አይቸግርዎትም፤ ሁለቱ ግን የሚሠሩት አገልግሎቱ በተመዘገበበት ሲም ስለሆነ ሲሙን ከማዛወርዎ በፊት የትኛው ቁጥር ከየትኛው ሂሳብ ጋር እንደተያያዘ ያረጋግጡ። ሲገዙ የደወሉን ድምፅ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስጠርተው ይስሙ፤ ከሌላ ክፍል የማይሰማ ከሆነ ለእርስዎ ዓላማ አይሆንም።